የቦሼ ፊት በማስታወቂያው ላይ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤

የጌታ ሰላም በአንቺና በግቢሽ ሁሉ ላይ ይሁን። እንዴት ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ በክረምቱ ብርድ ባሰብሽ ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? በሐምሌ የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ ለጎረቤት አካፍለሽ ጨረስሽው? ዓይንሽስ? ቀይዋ ላም ወለደች? ደጋው ላይ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሁለት ሳምንት በፊት ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ እሱም ትቶኝ ሄዷል። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሠራለሁ፤ በእኔ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

ይህን የምታነብልሽ እህቴ ሣራ ናት። ሣራዬ፣ ቀስ ብለሽ ወደ ቋንቋችን እየመለስሽ አንብቢላት፤ የሚከብድ ቦታ ላይ ስትደርሺም እንዳትዘይው። እማዬ፣ ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትይ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ልጻፍልሽ።

እዚህ ጂንካ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የወይዘሮ የሺሀረግ ምግብ ቤት አለ። አባታቸው በንጉሡ ጊዜ ከሰሜን ለፖሊስነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ተወልደው ያደጉት፣ ተድረው የወለዱት እዚሁ ነው። ምግብ ቤታቸው የሚታወቀው በሸክላ ጥብስ ነው። ሥር ፍም ተደርጎበት፣ ሥጋው እየተንጫጫ ከነሸክላው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። አስፋልቱ ከገባ ወዲህ ግን ከላይ በኩል አዳዲስ ሆቴሎች ተከፈቱና የአውቶቡስ መንገደኛው ወደዚያ ማዘንበል ጀመረ። በጥቅምት መጀመሪያ ሐዋሳ የማስታወቂያ ጽሑፍ ቤት የሚሠራው ልጃቸው ልዑልቃል ለዕረፍት መጣና፣ ምግብ ቤቱን የሚያስተዋውቅ አጭር ቪዲዮ ቀርጸን ከአርባ ምንጭ በሚመጡት አውቶቡሶች ቴሌቪዥን ላይ እናሳይ አለ። ሁለት ሾፌሮችን አነጋግሮ እሺ አሰኝቷል። ቀራጭ ሲያፈላልጉ ሠርግና ምርቃት ስቀርጽ ያዩኝ ሰዎች ወደ እኔ ላኳቸው።

ልዑልቃል መጀመሪያ ያሰበው አርብቶ አደሮቹን በናዎች ከነጌጣቸው አምጥቶ ጥብስ ሲበሉ መቅረጽ ነበር። እናቱ እምቢ አሉ። በናዎቹ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ እኔ ቤት በልተው ከፍለው የሚሄዱ ደንበኞቼ ናቸው፣ የቤት ማስጌጫ አላደርጋቸውም አሉት። በዚያ ንግግራቸው ወደድኳቸው።

ቀረጻውን የጀመርነው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሰኞ ሰው ይቀንሳል። ያለኝ ያቺው የሠርጓ ካሜራ ናት። የቀረጻ መብራት ስለሌለኝ ከጎረቤት ፀጉር ቤት ትልቁን መስታወት ተውሰን በረንዳው ላይ አቆምንና የፀሐዩን ብርሃን ወደ ውስጥ መለስነው። ደመና በመጣ ቁጥር ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን። ካሜራው እየተንሸራተተ እንዲሄድ ሲፈለግ እኔ ሲሚንቶ ማመላለሻ ጋሪ ላይ እቀመጥና ልዑልቃል ይገፋኛል፤ ወለሉ እኩል ስላልሆነ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው የቀረጽኩት። ተመጋቢ ሆነው የተቀመጡልን ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች ነበሩ። እነሱም ካሜራው ሳይበራ ጥብሱን ጨርሰውት ሌላ ሥጋ መቁረጥ ግድ ሆነ።

ከዚያ ባለሙያዋ ትታይ ተባለ። ባለሙያዋ ቦሼ ትባላለች፤ ከላስካ በኩል የመጣች፣ ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። አሥራ ስድስት ዓመት በዚያ ማድቤት ሠርታለች። ሥጋውን የምትመርጠው እሷ ናት፣ ሸክላውንም ቅዳሜ ገበያ ወርዳ የምትገዛው እሷው ናት። ወይዘሮ የሺሀረግ ሲጠሯት ከማድቤት አልወጣም አለች። ቢለምኗትም፣ ቢቆጧትም እምቢ አለች። እስቲ አንተ አግባባት ብለው እኔን ላኩኝ።

ጓሮ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት። ለምን እንደፈራች ስጠይቃት ቢላዋዋን አስቀመጠችና በእነሱ ቋንቋ፣ እኔም በማይጠፋኝ ቋንቋ፣ ዝግ ብላ ነገረችኝ። «እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። ከአገሬ መጥተው መናኸሪያ ላይ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች በየቀኑ እዚህ ይበላሉ። ማን እንደሚሠራላቸው አያውቁም። ፊቴን ያዩ ዕለት ሳህኑን ገፍተው ይነሳሉ። እትዬም እንጀራቸው ይዘጋል፣ እኔም እወጣለሁ» አለችኝ።

እማዬ፣ ይህን ለአንቺ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሠርግ ቤት ከአጥር ውጭ ተቀምጠን፣ ዕቃቸውን እንዳንነካባቸው ምግቡን በኮባ ቅጠል ሲሰጡን ጎንሽ ነበርኩ። የሠራሽውን ማሰሮ ገበያ ላይ አገላብጠው አይተው ገዝተው፣ ውሃ ስትጠይቂያቸው ግን ከፍ አድርገው በእጅሽ ላይ ሲያፈሱልሽ አይቻለሁ። ለቦሼ አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እኔም ያንቺው ነኝ ማለት እችል ነበር፤ በአጠገባችን ሰው አልነበረም። እኔ ግን «ገባኝ» አልኳትና ተነስቼ ሄድኩ።

እዚህ ከተማ ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው። እናቴ ሳውላ ገበያ ላይ ነጋዴ ናት እያልኩ ነው የኖርኩት። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጠይቅህ ልምጣ ስትይኝ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል አልኩሽ። መንገዱ ደህና ነበር። አንቺም ያን ሰሞን ከዚህ ወደዚያ የመጣ ሰው አይተሽ ይሆናል፤ ግን ምንም አላልሽኝም። ሣራ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም በይላት።

ወደ ወሬዬ ልመለስ። ቦሼ አትወጣም ስላቸው ልዑልቃል ኤፍራታ የምትባል የባንክ ሠራተኛ ለመነና አመጣ። መልኳ ያማረ፣ ፈገግታዋ ካሜራ የሚወደው፣ መልካም ልጅ ናት። ሽርጥ አስረንላት ጥብሱን እያማሰለች ፈገግ እንድትል ተደረገ። ሸክላው እንዲያብረቀርቅ ብሎ ልዑልቃል በቀዝቃዛ ውሃ አጠበውና እንደ እርጥቡ ፍም ሞላበት። ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ይህን ከየት አወቅህ ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሸክላው ጧ ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ፍሙ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ፣ የጠረጴዛው ልብስ መጨስ ጀመረ፣ ኤፍራታ ወንበር ላይ ወጣች።

ድምፁን ሰምታ ቦሼ ከማድቤት ሮጣ መጣች። ማንንም አላየችም። ፍሙን በእርጥብ ጨርቅ ሰብስባ አነሳች፣ ልብሱን አጠፋች። ከመደርደሪያው አንድ ሸክላ አውርዳ በጣቷ አንጓ መታ መታ አድርጋ አዳመጠችውና መለሰችው። ሁለተኛውንም መለሰችው። ሦስተኛው ድምፁ ሲስማማት ፍሙን ጥቂት በጥቂት አስገባችበትና ሥጋውን አደረገችበት። ቅቤው ሲንጫጫ ቀና ብላ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። የመስታወቱ ብርሃን ልክ እዚያ ነበር። ካሜራውን ማጥፋት ማንም አላስታወሰም፤ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ሁሉንም ቀርጾታል።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የሺሀረግ የቀረጽነውን ሲያዩ የኤፍራታን ቶሎ ቶሎ አሳለፉና እዚያ ሲደርሱ አስቆሙኝ። ማስታወቂያዬ ይቺ ናት አሉ። ልዑልቃልም ሐዋሳ ሆኖ እንዲህ ያለ ቀረጻ እንዳላየ አመነ። እኔ በትልቁ ሲታይ ፊቷ ጥርት ብሎ አይወጣም፣ እጇን ብቻ ብናሳይ ይሻላል ብዬ ዋሸሁ። በዚያ ተስማምተን ሄድኩና እጇን ብቻ አድርጌ ቆራረጥኩት።

በማግስቱ ኮምፒዩተሬን ይዤ ከማንም በፊት ለቦሼ አሳየኋት። ፊቷን እንደደበቅኩላት እንድታውቅ ብዬ ሙሉውንም የተቆረጠውንም አሳየኋት። ሙሉውን ድገምልኝ አለች። ሦስት ጊዜ አየችው። ራሷን በፎቶ እንጂ ሥራ ላይ ሆና አይታ አታውቅም። ከዚያ ልጇ አርባ ምንጭ ነርስነት እንደምትማር ነገረችኝ። «በነዚህ አውቶቡሶች ነው የምትመጣው። እጄን ታውቀዋለች። እጄን አይታ ፊቴን ስታጣው እንደ ደበቅኩ ይገባታል። እሷም መደበቅ ትማራለች። ፊቴን መልሰው» አለችኝ።

እሺ አልኳት። እሷ ግን እትዬ ሳያውቁ አይሆንም ብላ ሽርጧን ፈታችና ገብታ ነገረቻቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ወይዘሮ የሺሀረግ አልተቆጡም፣ አልመከሩም፤ ሰሙና ወደ ሥራሽ ሂጂ አሏት። እሳቸውም ከልጅነታቸው ስለ ሸክላ ሠሪ ዓይን የሰሙት አለ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ ምን እንደሚባል። ያን ቀን ምሳ ከቤታቸው አስመጥተው በሉ። በማግስቱም እንዲሁ። ልዑልቃል ማስታወቂያው መቼ ያልቃል ብሎ ቢጠይቃቸው ቆይ እንጂ እያሉ አቆዩት። ቦሼ ሁሉንም ታያለች። ነገር ግን ሽንኩርቷን ልጣ፣ ጥብሷን ሠርታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ልብሷን በፌስታል አድርጋ ማድቤት በር ላይ አንጠልጥላ ነበር፤ ውጪ ካሏት ተሰናድታ ነበር ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ምግብ ቤቱ በምሳ ሰዓት ጢም ብሎ ሳለ፣ ወይዘሮ የሺሀረግ መሃል ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቦሼን ጠሯት። ጥብስ ለሁለት ሰው አምጪ አሏት። ስታመጣ ደግሞ ተቀመጪ አሏት። ቦሼ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀመጠች። ከአንድ ሸክላ አብረው በሉ። ወይዘሮ የሺሀረግ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብለው ነበር የሚያላምጡት፤ አልደብቅሽም፣ መድኃኒት የሚውጡ ይመስሉ ነበር። ኋላ ግን እንደ ሰው በሉ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «ፊቷን አድርግበት፤ ስሟንም ጻፍበት» አሉኝ።

ማስታወቂያው ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ይታያል። አርባ ሰከንድ ነው። ኤፍራታም አልቀረችም፤ መጨረሻ ላይ ኑ ብላ በእጇ የምትጠራው እሷ ናት። ቦሼ ሸክላውን አንኳኩታ ስታዳምጥ ይታያል፣ ቀና ስትል ስሟ ይጻፋል።

እንዳለችውም ሆነ። ጭነት ከሚያወርዱት ውስጥ አሥራ አንዱ መምጣት አቆሙ። አለቃቸው አቶ ሶርሳ ወይዘሮ የሺሀረግ ዘንድ መጥተው ይህችን ሴት ካላስወጡ ሰዎቼ አይመለሱም አሉ። ወይዘሮ የሺሀረግ ስንት ዓመት እኔ ቤት በላህ ብለው ጠየቋቸው። ዘጠኝ ዓመት አሉ። አንድ ቀን ሆድህን አሞህ ያውቃል አሏቸው። አያውቅም አሉ። «እንግዲያው ዘጠኝ ዓመት ያበላችህ እሷ ናት» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። አቶ ሶርሳም ወጥተው ሄዱ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ተመልሰዋል፤ ሰባቱ ከላይ ካለው ሆቴል መብላት ይዘዋል። በሌላ በኩል ከአውቶቡስ ወርዶ ያቺ ሸክላ የምታዳምጠው ሴት የት ናት ብሎ የሚመጣ አለ። ገበያው ከበፊቱ በመጠኑ ይሻላል። የቦሼ ልጅ በጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜ ከአርባ ምንጭ መጥታ ነበር። ከአውቶቡሱ ወርዳ በቀጥታ ማድቤት ገባችና እናቷን አንገቷን አቅፋ ቆመች። ቦሼ ወጡ ሊያርብኝ ነው እያለች ገፋ አደረገቻት።

እኔ ያን ቀን ነው ለቦሼ የነገርኳት። ልጇ ስትወጣ ጠበቅኩና እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት አልኳት። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «አውቄሃለሁ። መጀመሪያ ቀን ሸክላውን ስታነሳ ከከንፈሩ አልያዝከውም፤ ሁለት እጅህን ከሥሩ አግብተህ ደገፍከው። ሸክላ ቤት ያላደገ ሰው እንዲያ አያነሳም» አለችኝ። ለምን ዝም አልሽኝ ብላት፣ ያንተን አንተ ትነግረኛለህ እንጂ እኔ አልነጥቅህም አለችኝ።

አሁን ደግሞ ሚስጥር ስለምትባል ልጅ ልንገርሽ። በስልክ አንድ ልጅ አለች ብዬሽ ነበር፤ እሷ ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ በቸርች አብረን ነን። አባቷ አቶ ተስፋሁን ከወላይታ የመጡ አናጺና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ልልክ ቀን ቆርጬ ነበር፤ ለእነሱም እናቴ ነጋዴ ናት ብያቸው ነበር። ከቦሼ ጋር በተነጋገርኩ ማግስት ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። እናቷ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። አባቷ ብድግ ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ሚስጥር እስከ በር ሸኝታኝ፣ ሸክላው አይደለም ያናደደኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬህ ስጸልይ ስለ ነጋዴ እናትህ ንግድ መጸለዬ ነው አለችኝ። ለዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። እንቅልፍም ምግብም እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ጉንፋኑም የዚያን ጊዜ ነው።

በአሥረኛው ቀን አባቷ አስጠሩኝ። እንጨት እየላጉ ነበር፤ መላጊያውን ሳያስቀምጡ ነው የተናገሩት። «በእናትህ ያፈርክ ሰው ነገ በልጄ ታፍርባታለህ። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሽማግሌ መላኩን ተወውና እናትህን አምጣት። በሁሉ ሰው ፊት ከጎንህ አስቀምጣት። ከዚያ በኋላ ከእሷ ጋር እንነጋገራለን» አሉኝ። የሚስጥር እናት ገና ፊታቸው አልተፈታልኝም፤ ይፈታል አይፈታም አላውቅም። ሚስጥር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ታናግረኛለች፤ እማማ ምን ይወዳሉ ብላም ጠይቃኛለች።

እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ለሁለት ዓመቱ ብቻ አይደለም፤ ለሰባቱም ነው። በዚህ ካሜራ የስንቱን ሙሽራ፣ የስንቱን ተመራቂ ፎቶ አነሳሁ። ያንቺ አንድም ፎቶ የለኝም። ቤት በመጣሁ ቁጥር ጭቃ ነክቶኛል ስትይ እኔም ደስ እያለኝ ካሜራዬን እመልስ ነበር። ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰኞ ዕለት አብረን በአርባ ምንጭና በኮንሶ ዞረን እንመለሳለን። ጉልበትሽ ካስቸገረሽ አርባ ምንጭ አድረን እንሄዳለን። ቦሼ እኔ ቤት ነው የምታርፈው ብላለች፤ ሚስጥር ደግሞ አይሆንም ብላ እየተከራከሩ ነው። አልመጣም ካልሽ አልፈርድብሽም። ያኔም ቢሆን እኔ መምጣቴ አይቀርም፤ ጭቃው ላይ ተቀምጠሽ ስትሠሪ ላንሳሽ።

ሣራዬ፣ ስላነበብሽላት ጌታ ይባርክሽ፤ ያለችውን ቃል በቃል በመልእክት ላኪልኝ። ወንድማችንን አብኔርን ሰላም በይልኝ፤ በእኔ ውሸት እሱም ለሰው ሲዋሽ እንደኖረ አውቃለሁ፣ ከእንግዲህ አይገደድም። ለባለቤቱና ለትንሿ ልጁ ሰላምታዬ ይድረስ፤ ጥርስ አወጣች መባሉን ሰምቻለሁ። አክስቴን ጉልበቷን ስሚልኝ፤ ጭቃ መርገጡን ለልጆች ትተወው፣ ወገቧ አይችልም። ታች ቤት ላሉትም፣ ላሟን ለሚያግዱልን አባባም፣ ስሜን እያነሳሽ አንድ በአንድ አድርሺልኝ።

ልጅሽ ሚልክያስ

ጂንካ፣ ኅዳር 18 ቀን 2012 ዓ.ም.